አሥራ አራተኛው ጠርሙስ

አባቴ ስለዚያ ወይን ያወጣው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ጠርሙሱ ከላይኛው ረድፍ፣ ከቀኝ ተጀምሮ በተራ ይነሣል። ማንም አይመርጥም። "መምረጥ ከጀመርን አንዱ በሌላው ላይ ዓይን ይጥላል" ይል ነበር።

ወይኑ ሜርሎ የሚባል ቀይ ወይን ነው። አባቴና አጎቴ መጥመቂያ ቤቱን በከፈቱበት ዓመት፣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከመጀመሪያው ምርት አርባ ሁለት ጠርሙስ ለይተው ምድር ቤት አስቀመጡ። ሦስት ረድፍ ባለው የእንጨት መደርደሪያ፣ በየረድፉ አሥራ አራት። ወረቀት አልተለጠፈባቸውም። ቂጣቸው ላይ ነጭ የቀለም ነጥብ፣ አንገታቸው ላይ ቀይ ሰም፣ በቃ። በየዓመቱ የወይን ለቀማው ባለቀ በሳምንቱ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንዱ ይከፈታል። አባቴ፣ አጎቴና የመጥመቂያ ቤቱ በርሚል ሠሪ ይቀምሳሉ፤ ያገኙትን ጣዕም ይናገራሉ፤ የተናገሩት በደብተር ይጻፋል።

የአባቴን ጽሑፍ አባቴ ራሱም አያነበውም ነበር። ስለዚህ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ባቋረጥኩበት ዓመት ደብተሩን ለእኔ ሰጠኝ። እሱ ከሞተ አሁን አራት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ በወንበሩ እቀመጣለሁ፣ በብርጭቆው እቀምሳለሁ። የቀመስኩትን የጠየቀኝ ሰው ግን የለም፤ ካልተጠየቅሁ ደግሞ አልናገርም። የሁለቱን ሰምቼ እጽፋለሁ።

ዘንድሮም እንደ ወትሮው ነበር። አሥራ አራተኛውን ጠርሙስ፣ ከላይኛው ረድፍ የቀረውን የመጨረሻውን፣ እኔው አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። የአጎቴ ሚስት እትዬ ምላስ ማጽጃ የሚሆን ዳቦ ከጎረቤት ዳቦ ቤት አስመጥታ ቆራርጣ አቀረበች። በርሚል ሠሪው ሰሙን በካራ ልጠው ቡሹን ነቀሉ። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ነው፤ እጃቸው ግን ሲነቅል አንድ ጊዜም አይንቀጠቀጥም። አባቴ ከሞተ በኋላ ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አባባ ነው የምላቸው፤ እሳቸው ደግሞ ዝምተኛው ይሉኛል።

"ዝምተኛው፣ እርሳስህን ቅረጽ" አሉ ሲቀዱ። "ዛሬ አጎትህ ብዙ ሊያወራ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮውን ሲጠርግ ነበር።"

"ምላስ ያለው ያወራል" አለ አጎቴ። "እርስዎ በርሚልዎን ይጥረቡ።"

ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሣሁት። ወይኑ ጥቁር ቀይ ነው። ባለፈው ዓመት ጠርዙ እንደ ጡብ ቡናማ ሆኖ ነበር፤ የአሁኑ ጠርዝ ገና ወይን ጠጅ ቀለሙን አልለቀቀም። አሸተትኩት፤ ትኩስ ፕሪም። ቀመስኩት፤ ድዴን ይዞ አደረቀው። ከስድስት ዓመት በፊት ጀምሮ የምንጽፈው የደረቀ ፕሪም፣ የቆዳ ሽታ፣ የእርጥብ ቅጠል ሽታ የት ሄደ?

ቀና ብዬ አየኋቸው። አጎቴ ወይኑን አፉ ውስጥ እያንቀሳቀሰ ጣሪያውን ያያል። በርሚል ሠሪው የእኔን ፊት ያያሉ። ዓይናችን ሲጋጠም ወደ ብርጭቆአቸው ዞር አሉ።

"እሺ አባባ፣ እርስዎ ምን አገኙ?" አለ አጎቴ።

"ጥሩ ነው።"

"ጥሩ ነው ብቻ?"

"ጥሩ ነው አልኩህ። ጻፍ ዝምተኛው፣ ጥሩ ነው ብለህ ጻፍ።"

በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ በሁለት ቃል የተገላገሉበት ቀን የለም። አጎቴም ብዙ አላወራም። ብርጭቆውን ግማሽ ላይ አስቀመጠው። በርሚል ሠሪው ባዶውን ጠርሙስ እንኳን ሳይጠብቁ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ።

በሩ እንደተዘጋ አጎቴ እጁን ዘረጋ። "ደብተሩን ስጠኝ።"

ወደ ኋላ እየገለጠ ሄዶ ስድስተኛው ዓመት ላይ ቆመ። ጮክ ብሎ አነበበ። "ጥቁር ቀይ፤ ጠርዙ አልተለወጠም። ፕሪም። ድድ ይይዛል።" ደብተሩን ዘጋው። "ይህ ዛሬ የጠጣነው ወይን ነው። ወይን ወደ ኋላ አያረጅም። የእኛን ወስዶ ሌላ ሜርሎ የተካበት ሰው አለ።"

"ሰሙም ነጥቡም የኛው ነው፣ ጋሼ።"

"ቀይ ሰሙን ከማን ነው የምንገዛው?"

እያወቀ ነው የጠየቀኝ። ከበርሚል ሠሪው ነው የምንገዛው።

"የምድር ቤቱ ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ ያንተ፣ አንዱ የእሳቸው። ከሁለት ወር በፊት የመደርደሪያው እግር በሰበሰ ብለው ብቻቸውን ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያ ውስጥ ሲያንኳኩ አልነበር? ጠርሙሶቹን ሁሉ አውርደው የመለሱት ማን ነው?"

"አሮጌውን ምን ያደርጉበታል?"

"ይጠጡታል፤ ይሸጡታል፤ እኔ ምን አውቃለሁ።" ፊቱን አጠቆረ። "ስማኝ። ያለ ማስረጃ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ ስም አላነሣም። እስከ መጪው እሑድ ዓይንህን ከፍተህ ጠብቅ። እሑድ ቁልፉን በሠራተኛው ሁሉ ፊት እቀበላቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ በዚህ በር አይገቡም። የለም የምትል ከሆነ ደግሞ ለምን እንደሆነ ታስረዳኛለህ።"

እትዬ ብርጭቆ እያነሣች ከንፈሯን መጠጠች። "ይህ ልጅ ሰላም ለማለት የሚያፍር ነው፤ እሱን ነው ሰላይ ያደረግኸው?"

"ለዚህ ነው የላክሁት" አለ አጎቴ። "ማንም አይጠረጥረውም።"

ሰኞ ከሥራ በኋላ ወደ በርሚል ሠሪው ቤት ሄድኩ። ሰበቡ የቡሽ መንቀያው መርፌ ጠምሞብኛል የሚል ነበር፤ ያጣመምኩት ራሴ ነኝ። የሥራ ክፍላቸው እንደ ወትሮው የተጠበሰ እንጨት ይሸታል። መዶሻቸውን ሳያስቀምጡ "ደግሞ ምን ሰበርክ?" አሉኝ።

"መርፌው ጠመመ።"

ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። "ቡሽ ሲነቀል መርፌ በዚህ በኩል አይጠምም። ይሁን፤ ቁጭ በል።"

መቆንጠጫ ሊያመጡ ወደ ጓሮ ሲወጡ ዓይኔ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ተሸፍኖ የተቀመጠ ነገር ላይ አረፈ። ጆንያ ነው። ጫፉን በጫማዬ ገለጥ አደረግሁት። የጠርሙስ ቂጥ። ነጭ ነጥብ። አጠገቡ ሌላ ቂጥ፣ ሌላ ነጥብ። ሦስተኛውን ስቆጥር የእግራቸውን ኮቴ ሰማሁና ጆንያውን ለቀቅሁት።

መርፌውን አቅንተው ሲሰጡኝ ከእጄ ወደቀ። "አሞሃል እንዴ?" አሉኝ። የለም አልኩ። ማንም አይጠረጥረውም ያለው አጎቴ ትክክል ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ደጃፍ የወጣሁት የሰረቅሁ ይመስል አንገቴን ደፍቼ ነው።

ማክሰኞ ማታ ላይ ሥራ ስንጨርስ ከእትዬ የልብስ መስፊያ ሳጥን ጥቁር ክር ወሰድኩ። በምድር ቤቱ በር ታችኛው በኩል፣ ከመቃን እስከ መቃን፣ በሁለት ጠብታ ሰም አጣበቅሁት። በሩን የከፈተ ሰው ሳያየው ይበጥሰዋል።

ረቡዕ የበርሚል ሠሪው ቀን ነው። በርሚል ውስጥ ያለ ወይን በየሳምንቱ ትንሽ ስለሚቀንስ በየረቡዑ ከሰዓት በኋላ ባልዲ ይዘው መጥተው ይሞላሉ። ክሩ ተበጠሰ፤ ያልጠበቅሁት ነገር አይደለም። እሳቸው ሲሄዱ አዲስ አጣበቅሁ።

ሐሙስ ሳየው ክሩ አልነበረም። ተበጥሶ አይደለም፤ ጭራሽ የለም። ሰሙም ተልጧል። ሐሙስ ማንም ወደዚያ የሚወርድበት ጉዳይ የለውም። ለአጎቴ ነገርኩት፤ ስለ ጆንያውም ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ ደስ ያለው አልመሰለኝም። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ።

"ስንት ጠርሙስ አየህ?"

"ሦስት። ሌላም ያለ ይመስለኛል።"

"እንግዲህ ምን ቀረ" አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "አባትህ ሲታመም ሌሊቱን ሙሉ እግሩን ይዘው የሚያድሩት እኚህ ሰው ነበሩ" አለ።

ነገሩ ከነከነኝ። ሦስት ጠርሙስ የሰረቀ ሰው መደርደሪያው ላይ ሦስት ሌላ መተካት አለበት። እስካሁን የቀመስነው አንድ ብቻ ነው። የተተካውን ካልተተካው ሳልለይ ሰው በአደባባይ ሊዋረድ ነው። ስለዚህ ዓርብ ሠራተኛ ሳይገባ፣ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ወርጄ ሃያ ስምንቱንም ጠርሙስ አንድ በአንድ ልመረምር ወሰንኩ። እኔ ጠዋት ጠዋት ላይኛው ቤት ጠርሙስ ሳጥብ ነው የምውለው፤ በዚያ ሰዓት ምድር ቤት ወርጄ አላውቅም። ማንም ወርዶ አያውቅም።

ባትሪዬን ላይኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥኩ። ረድፉ አሁን ባዶ ነው። ከበስተኋላው ሰሌዳ ነበር፤ በርሚል ሠሪው የመደርደሪያውን እግር ሲጠግኑ የበሰበሰውን ሰሌዳ አንሥተውት ግድግዳው ተገልጧል። ከታች ለመቀመጥ ጎንበስ ስል ሚዛኔን ስቼ በእጄ ግድግዳውን ያዝኩ።

ግድግዳው ይሞቃል። የበሬ ጎን የነካሁ መሰለኝ። እጄን ወደ ሁለተኛው ረድፍ አወረድኩት፤ ሙቀቱ ቀነሰ። ወደ ሦስተኛው አወረድኩት፤ ግድግዳው እንደ ውኃ ይቀዘቅዛል። ጆሮዬን ለጠፍኩ። ከማዶ ብረት ብረትን ይፍቃል፤ ሰው ይስቃል። ዳቦ ቤቱ ነው። ምድር ቤታችን እስከ ግማሹ ነው መሬት ውስጥ የገባው። ላይኛው ረድፍ ከመንገዱ እኩል ነው፤ እዚያ ላይ የዳቦው ምድጃ ጀርባውን ሰጥቶታል። ሌሊት ይነዳል፣ ረፋድ ላይ ይጠፋል። እኛ የምንወርደው ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ግድግዳው በርዶ ነው።

ደብተሩን ሮጬ አመጣሁ። በሰባተኛው ዓመት፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ ኅዳጉ ላይ እንዲህ ይላል፦ ዳቦው ከአዲሱ ጎረቤት። ከዚያ በፊት ቦታው የጨርቅ ሱቅ ነበር። ስምንተኛውን ዓመት ገለጥኩ። "ጠርዙ ቡናማ ሆነ። የደረቀ ፕሪም፤ ቆዳ። ድድ አይይዝም።" አባቴ በዚያ ቀን ብርጭቆውን አንሥቶ "አሁን ሰው ሆነ" ማለቱ ትዝ አለኝ። ከስድስት እስከ ስምንት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አርጅቶ ነበር።

እንዲህ ከሆነ ግን የዘንድሮው ጠርሙስ ላይኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ለምን ወጣት ሆነ? በርሚል ሠሪው ጠርሙሶቹን ሁሉ አውርደው መልሰዋል። ነጥቡ አንድ፣ ሰሙ አንድ። እግረ መንገዳቸውን ከታች የነበረውን ላይ ቢያስቀምጡት ማን ይለየዋል? ይህ ከሆነ ሲሞቅ የኖረው ትክክለኛው አሥራ አራተኛ ከሃያ ስምንቱ መካከል ተኝቷል።

አንድ በአንድ እያነሣሁ አቆምኳቸው። አሥራ ዘጠኙ ላይ ወይኑ አንገቱ ድረስ ሞልቷል፣ ሰሙም ክብ ነው። ሃያኛውን ሳነሣው አውራ ጣቴ ሰሙ ላይ ጎድጎድ ያለ ነገር አገኘ። ሰሙ ለስልሶ የመደርደሪያው እንጨት አሻራውን ትቶበታል። አቆምኩት። ወይኑ ከአንገቱ ወርዶ ትከሻው ላይ ነው። ሌላ እንደሱ ያለ የለም፤ ሃያ ስምንቱንም ጨረስኩ።

ለአጎቴ የነገርኩት እሑድ ጠዋት ነው። ዓርብ ለምን እንዳልነገርኩት ብትጠይቁኝ፣ አፌ እንቢ አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ቃላቱን ደረደርኩ። አጎቴ አብሮኝ ወርዶ ግድግዳውን በሁለት እጁ ያዘና "የአምላክ ያለህ" አለ።

ከሰዓት በኋላ በርሚል ሠሪውን አስጠራቸው። ሠራተኞቹን አልጠራም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠርሙስ ነበር፤ አንዱ ከታችኛው ረድፍ፣ አንዱ ሰሙ የጎደጎደው። በርሚል ሠሪው ትከሻቸው ላይ ጆንያ ተሸክመው ገቡ። ወለሉ ላይ ሲያኖሩት ጠርሙስ ከጠርሙስ ተጋጨ።

"ይህንን ነው መሰለኝ የምትፈልጉት" አሉ።

እትዬ ጆንያውን ከፍታ አየች። "እነዚህማ ባዶዎቹ ናቸው። በየዓመቱ ስናጥብ አይጣሉ እያሉኝ እኔ ነኝ የምሰጣቸው። አሥራ ሦስት ናቸው። ብትጠይቁኝ እኮ እነግራችሁ ነበር።"

አጎቴ እኔን አየ፤ እኔ ወለሉን አየሁ።

"ሰኞ ዕለት ጆንያው ከነበረበት ተንቀሳቅሶ ነበር" አሉ በርሚል ሠሪው። ኪሳቸው ገብተው አንድ ነገር አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ጥቁር ክር፣ ጣታቸው ላይ ተጠምጥሞ የነበረ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ሰም ያለው። "ይህ ደግሞ ሐሙስ በሩ ላይ አገኘኝ።"

"ሐሙስ ምን ሊሠሩ ወረዱ?" አለ አጎቴ።

"ባለፈው እሑድ የጠጣሁት የአሥራ አራት ዓመት ወይን አልነበረም። ሁለት ቁልፍ ነው ያለው፤ አንዱ የእኔ ነው። እኔ አልነካሁም። የቀረው ማን ነው? የዚህ ልጅ ፊት ሲቀምስ ሲገረጣ ደግሞ በዓይኔ አየሁ። የተተካ ጠርሙስ ካለ ቀድሜ ላገኘውና አንተ ሳትሰማ ልገሥጸው ነበር የወረድኩት።"

እትዬ ዳቦ የምትቆርጥበትን ቢላ አስቀመጠች።

"እንግዲያ ሁላችንም ስንጠራጠር ነው የከረምነው" አለ አጎቴ፣ ለመሳቅ እየሞከረ።

"አዎ። እኔ ግን ለማንም አልተናገርኩም።"

አጎቴ ስለ ግድግዳው እንዳስረዳ በዓይኑ ምልክት ሰጠኝ። አስረዳሁ። ድምፄ ሲያንስ በርሚል ሠሪው ጆሮአቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። ሲገባቸው ብቻ "ስመልሳቸው ተራቸውን አልጠበቅሁም" አሉ። "ሁሉም አንድ ነው ብዬ። ስህተቱ የእኔ ነው።" ከዚያ ሁለቱንም ጠርሙስ ከፈቱ፤ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም።

የታችኛው ረድፍ ያለፈው እሑድ የቀመስነው ራሱ ነው፤ ጥቁር ቀይ፣ ፕሪም፣ ድድ የሚይዝ። ሰሙ የጎደጎደው ጠርዙ ቡናማ ነው። አጎቴ ቀምሶ "ይኸው፣ የኛው" ብሎ በረጅሙ ተነፈሰ። በርሚል ሠሪው ግን ሳይነኩት ወደ እኔ ገፉት።

"አንተ ቅመስ። አሥር ዓመት ስትጽፍ አንድም ቀን አልጠየቅንህም። ምን ይላል?"

ቀመስኩት። ቆዳ አለው፣ እርጥብ ቅጠል አለው። ከኋላው ግን ሌላ ነገር አለ፤ ድስት ሥር እንደቀረ፣ የተቀቀለ የፍሬ ጣዕም። አምናም ነበረ። ካቻምናም። አባቴ በሕይወት እያለም ምላሴ ላይ ነበረ፤ ስም አልሰጠሁትም ነበር።

"ተቀቅሏል" አልኩ። "ያረጀ አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ የጻፍነው የወይኑን ዕድሜ አይደለም፤ የምድጃውን ነው። ወይናችን ገና ወጣት ነው።"

አጎቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ አባቴን ያየሁ መሰለኝ፤ አሁን ሰው ሆነ ያለውን አባቴን።

"ጻፈው" አሉ በርሚል ሠሪው። ተነሡና ከአንገታቸው ላይ የምድር ቤቱን ቁልፍ አውልቀው ከክሩ አጠገብ አኖሩት። "ይህም እዚህ ይሁን።"

"አባባ፣ ይቅርታ" አለ አጎቴ። "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጁን የላክሁት እኔ ነኝ። ቁልፉን ይያዙ።"

"አልተቀየምኩም" አሉ ኮታቸውን እየለበሱ። "ግን ሁለት ቁልፍ ሲኖር ሌላ ሰው መጠርጠር ይቀላል። አንድ ይሁን።"

ረቡዕ እንደ ልማዳቸው ባልዲያቸውን ይዘው መጡ። በሩ ጋ ቆሙ። እኔ ቀድሜ ጠብቄአቸው ነበር። የእሳቸው ቁልፍ ከእሑድ ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ስናገር የሚወጣኝን ቃል ሌሊቱን ሳጠና አድሬአለሁ። ቁልፉን አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። ካጠናሁት ቃል ግን አንዱም አልመጣ አለኝ።

ቁልፉን አዩት። ከዚያ ባልዲውን ከአንድ እጅ ወደ ሁለት እጅ አዛወሩት።

"እጄ ሞልቷል ዝምተኛው" አሉ። "ክፈትልኝ።"

ከፈትኩ። እኔ ገብቼ መብራቱን እስካበራ ድረስ ደፉ ላይ ቆመው ጠበቁ።